ወደ ፊት ያዘነበለ ክንፍ

ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር ማብቂያ፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከኮሎምበስ ኦሃዮ ወጣ ብሎ ባለ የሞዴል አውሮፕላን ማብረሪያ ሜዳ ላይ ቆሜ የአምስት ወር ሥራዬ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሲበተን አየሁ። ክንፎቿ ወደ ፊት ያዘነበሉት ሞዴል አውሮፕላኔ ከሣሩ ተነሥታ የመጀመሪያውን ዙር በሰላም ጨርሳ ነበር። ሁለተኛውን ዙር ስትጀምር ፍጥነት ጨመርኩላት። ያን ጊዜ የግራ ክንፏ ጫፍ ቀና አለ፤ ቀና ባለ መጠን የፊት ጠርዙ ይበልጥ ወደ ሰማይ ዞረ፤ በዞረ መጠን ደግሞ ይበልጥ ቀና አለ። ይህ ሁሉ የሆነው ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ነው። ከዚያ ደርቆ የከረመ ቂጣ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። ክንፉ ለብቻው እየተሽከረከረ፣ ቀሪው አካሏ በአፍንጫው ቁልቁል እየተምዘገዘገ፣ ሁለቱም ከሜዳው አጠገብ ባለው የአኩሪ አተር ማሳ ውስጥ ወደቁ።

ስብርባሪውን ስለቅም ከክበቡ አንጋፋ አባላት አንዱ የሆኑ አዛውንት ሊያግዙኝ መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሞዴል ሲሠሩ የኖሩ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። የተቆረጠውን ክንፍ አንሥተው ሥሩን በአንድ እጃቸው ጨበጡና ጫፉን በሌላው እጃቸው አውራ ጣት ወደ ላይ ገፋ አደረጉት፤ ክንፉ ሲታጠፍ አብሮ እንደሚዞር አሳዩኝ። "ክንፉን ወደ ኋላ አዙረው" አሉኝ። "ሰማይ ላይ ስትሆን ከመሬት ማንም አይለየውም።"

ምክሩ ቅን ነበር፤ ትክክልም ነበር። ለሳምንታት ሲከነክነኝ የቆየውም ትክክል መሆኑ ነው።

"አባ፣ ይኼ እውነት ይበራል?"

ነገሩ የጀመረው በመጫወቻ ነው። በወጣትነታቸው ከእንግሊዝ አገር የመጡ አሮጊት ጎረቤታችን ቤታቸውን ሸጠው ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሲገቡ፣ የሟች ወንድማቸው የነበረ አንድ የብረት መጫወቻ ለልጄ ሰጡት። አረንጓዴ፣ ሆደ ሰፊ፣ ከመዳፍ እምብዛም የማይበልጥ፣ ዲንኪ የተባለው የእንግሊዝ መጫወቻ አምራች እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ይሸጠው የነበረ ተንደርበርድ 2 ነው። አራት እግሮቹ ሲዘረጉ ሆዱ ውስጥ ያለው ሳጥን መሬት ላይ ይቀራል፤ በሳጥኑ ውስጥ ደግሞ የጥፍር ያህል የምትሆን ቢጫ ሰርጓጅ መርከብ አለች። ልጄ መርከቧን ሲያስገባና ሲያወጣ ውሎ ማታ ላይ "አባ፣ ይኼ እውነት ይበራል?" ብሎ ጠየቀኝ።

ተንደርበርድ 2 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1965 መታየት ከጀመረ የአሻንጉሊቶች ድራማ የተገኘ የወደፊት ዘመን አውሮፕላን ነው። አንድ አባት ከአምስት ወንዶች ልጆቹ ጋር በሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴት ላይ ተደብቆ እየኖረ፣ ማንም ሊደርስላቸው ያልቻለ ሰዎችን ያድናል፤ ይህ አውሮፕላን ደግሞ የነፍስ ማዳኛውን ከባድ መሣሪያ ሁሉ በሆዱ ተሸክሞ የሚሄደው ነው። በድራማው ዓለም ርዝመቱ 76 ሜትር ገደማ፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 55 ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ሁሉ ግዙፍነቱ ይልቅ ዓይን የሚይዘው ግን ክንፎቹ ናቸው፤ እንደሌላው ጄት ወደ ኋላ ተስበው በመሄድ ፈንታ፣ ሊቀበሉ እንደተዘረጉ እጆች ወደ ፊት ያዘነብላሉ።

እኔ ያደግሁት ደሴ ነው፤ መኪና ስንፈልግ ከሽቦና ከቆርኪ እንሠራ ነበር እንጂ ተቆርጦ፣ ተቆጥሮ፣ በካርቶን ታሽጎ የሚመጣ ነገር አናውቅም። ከብዙ ዓመት በኋላ እዚህ አገር በርቀት መቆጣጠሪያ የሚበሩ ሞዴሎችን ማብረር ስጀምር የተዘጋጁትን እየገዛሁ አበርር ነበር፤ በጥያቄው ምክንያት ግን ያን የልጅነት ነገር፣ ከባዶ ተነሥቶ መሥራትን፣ እንደገና ፈለግሁት። እናቴ በስልክ ስትሰማኝ "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" አለችና ሳቀች። ተዘጋጅተው የተገዙ ሞዴሎች እያሉኝ ለምን የሌለ አውሮፕላን እንደምሠራ ላስረዳት ሞክሬ ነበር፤ አልተሳካልኝም።

38 ቁራጭ

ልኩን አንድ አርባኛ አደረግሁት፤ ይህም ማለት ርዝመቷ 1 ሜትር ከ90፣ የክንፏ ስፋት ደግሞ 1 ሜትር ከ37 ነው፣ በቁመት እኔን ትበልጣለች ማለት ነው። አካሏን የሠራሁት ለቤት ግድግዳ ሙቀት መጠበቂያ ከሚሸጠው ሮዝ ፎም ነው። ውፍረቱ 5 ሴንቲሜትር ስለሆነ አውሮፕላኗን ከአፍንጫ እስከ ጅራት እንደ ዳቦ በሐሳቤ ቆራረጥኋት፤ 38 ቁራጭ ወጣት። የእያንዳንዱን ቁራጭ ቅርጽ በወረቀት አስልቼ፣ ፎሙ ላይ ለጥፌ፣ ዳርና ዳሩን ከቆረጥሁ በኋላ መካከሉን እያወጣሁ የ2 ሴንቲሜትር ግድግዳ ብቻ አስቀረሁ። ሲደራረቡ ውስጣቸው ባዶ የሆነ ትልቅ ቀፎ ሆኑ።

የምቆርጥበት መሣሪያ በደጋን ላይ የተወጠረ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይግልና ፎሙን ሳይነካካ የሚያቀልጥ ያህል ይሰነጥቀዋል። እናቴ ጥጥ የምትነድፍበትን ደጋን ይመስላል፤ አያያዙም አንድ ነው፣ ክንዱን ያጠነከረ ሰው ያበላሻል። ሽቦውን ከገፋኸው መካከሉ ወደ ኋላ ይቀርና ሁለቱ ጫፎች ይቀድማሉ፣ የቁራጩም ፊት እንደ ሳህን ይጎደጉዳል፤ በራሱ ሙቀት እንዲሄድ ከተውኸው ግን የተቆረጠው ገጽ እንደ ብርጭቆ ይለሰልሳል። ይህን ለመልመድ አንድ ሙሉ ጣውላ ፎም አቃጥያለሁ። የጋራዡን በር በጥር ብርድ ከፍቼ የሠራሁትም ጭሱ ለሳንባ የማይበጅ ስለሆነ ነው።

ስለ ቀለሙ አጭር ነገር ልበል። የመጨረሻውን ቅርጽ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክዬ፣ ክፍተቱን በቀላል ስቱኮ ሞልቼ፣ አንድ ማታ ሳልታገሥ ተራ የእስፕሬይ ቀለም አፍንጫዋ ላይ ነፋሁበት። በቀለሙ ውስጥ ያለው ማቅለጫ ፎሙን ይበላዋል፤ ዓይኔ እያየ አፍንጫዋ የንብ እንጀራ መሰለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ሦስት ቁራጭ እንደገና ቆረጥሁ። ከዚያ በኋላ በስስ ፋይበር ግላስ ጨርቅና በውኃ በሚበጠበጥ ቫርኒሽ ሸፍኜ ነው አረንጓዴውን የቀባሁት።

በግራና በቀኝ ትከሻዋ ላይ ያሉት፣ በድራማው ለዓይን ብቻ የነበሩት የአየር ማስገቢያዎች፣ በእኔዋ ላይ ሥራ አገኙ። ከኋላቸው ባለ 70 ሚሊሜትር ሁለት የኤሌክትሪክ ፋኖች አስገባሁ፤ ባትሪውን አፍንጫዋ ውስጥ አደረግሁ። ጠቅላላ ክብደቷ 3.8 ኪሎ ሆነ። ከ250 ግራም በላይ የሆነ ሞዴል የሚያበርር ሰው በዚህ አገር መመዝገብና ቁጥሩን ከውጭ በሚታይ ቦታ መጻፍ ስላለበት፣ ሆዷ ላይ ቁጥሬን በማርከር ጻፍሁ። ክንፎቿን ደግሞ ከአንድ ወጥ ፎም ቆርጬ፣ ጨርቁን አልብሼ፣ ለቅርጻቸው እንጂ ለጥንካሬያቸው ብዙም ሳልጨነቅ ገጠምኋቸው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ተረት ያስታወስሁት ማሳው ውስጥ ነው።

ማንም አይለየውም

ከውድቀቱ በኋላ አዛውንቱ ያሉኝን ለማድረግ ወሰንሁ፤ ንድፉንም ጀመርሁ። ለራሴ የምሰጠው ምክንያት አላጣሁም። ይህ በዓለም ላይ ያልነበረ አውሮፕላን ነው፤ የአንድን እውነተኛ አውሮፕላን ክንፍ ብለውጥ ዋሽቻለሁ ሊባል ይችላል፣ ያልነበረን ነገር ግን ማን ያዛባዋል? በዚያ ላይ ይህን ክንፍ የነደፈው ዴሪክ መዲንግስ ራሱ በመጀመሪያ እንደማንኛውም ጄት ወደ ኋላ አድርጎ ስሎት እንደነበር፣ ወደ ፊት ያዞረውም ከሌሎቹ ለመለየት ሲል ብቻ እንደሆነ ተናግሯል። እንግዲህ እኔ ባዞረው የሰውየውን የመጀመሪያ ሐሳብ መለስሁለት እንጂ ምን በደልሁ?

መዲንግስና ባልደረቦቹ ያን ጊዜ አየር ስለሚያደርገው ነገር ሊጨነቁ አይገባቸውም ነበር። ሞዴሎቻቸው በቀጭን ሽቦ የተንጠለጠሉ ነበሩ፤ ግዙፍና ከባድ እንዲመስሉም በፈጣን ካሜራ ተቀርጸው በዝግታ ይታዩ ነበር። ያ ግርማ ሞገስ የካሜራው ነው። የእኔዋ ያለ ሽቦ ስትነሣ ቀለል ባለ ነፋስ እንኳ እንደ ቅጠል ትዋዥቅ ስለነበር፣ እውነቱን ለመናገር፣ በመጀመሪያዋ ዙር ላይ ትንሽ አፍሬባታለሁ።

አንድ ምሽት የብረት መጫወቻውን ከልጄ መኝታ ቤት አምጥቼ ጠረጴዛ ላይ አደረግሁትና ሁለቱን ክንፎች በጣቶቼ ሸፈንኋቸው። የቀረው ወፍራም እንቁራሪት ነበር። ጣቶቼን ሳነሣ ተመልሶ ያ ደፋር፣ ለመድረስ የሚጣደፍ ነገር ሆነ። ወደ ኋላ ያዘነበለ ክንፍ ከወረቀት ቆርጬ በላዩ ላይ አስቀመጥሁ፤ ጭነት የሚያመላልስ ተራ አውሮፕላን ወጣው። በማግስቱ ልጄ ወረቀቱን አይቶ "ይኼ ሌላ ነው" አለ፤ ምን እንደተለወጠ አልጠየቀኝም፣ በአንድ እይታ አውቆታል። ማንም አይለየውም የሚለው እንግዲህ እዚያው ላይ ወደቀ። ከመሬት ሆኖ ሳይለየው ሊቀር ይችላል፤ ከተሸከማትና ሆዷን ከፍቶ ካየ በኋላ ግን ይለየዋል።

ታዲያ ክንፉ የሚሰበርበት ምክንያት ምንድን ነው? ወደ ኋላ ያዘነበለ ክንፍ አየር ሲያነሣው ወደ ላይ ይጎብጣል፤ ሲጎብጥም ጫፉ በተፈጥሮው የፊት ጠርዙን ዝቅ ያደርግና ሸክሙን ያቀልላል፣ ራሱን በራሱ ያድናል። ወደ ፊት ያዘነበለው ግን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ሲጎብጥ ጫፉ የፊት ጠርዙን ቀና ያደርጋል፣ ቀና ሲል ብዙ አየር ይይዛል፣ ብዙ ሲይዝ ይበልጥ ይጎብጣል። ከተወሰነ ፍጥነት በታች የክንፉ ጥንካሬ ይመልሰዋል፤ ከዚያ ፍጥነት ካለፈ ግን መመለሻ የለውም፣ ነፋስ እንደገለበጠው ጃንጥላ ነው። የጀርመኑ ዩንከርስ 287 እ.ኤ.አ. በ1944፣ ሃንዛ ጄት የተባለው አነስተኛ የመንገደኛ አውሮፕላን ደግሞ በ1964 እንዲህ ባለ ክንፍ በረዋል፤ ከብረት የተሠራን ክንፍ ለዚህ ማጠንከር ግን ክብደት መጨመር ስለሆነ መንገዱን የተከተሉት ጥቂቶች ናቸው። ፎም ደግሞ የሚጨመርለት ክብደት ይቅርና የራሱንም አይችልም።

ዴይተን

ከእኛ ቤት እስከ ዴይተን በመኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። እዚያ ያለው የአየር ኃይል ብሔራዊ ሙዚየም በነጻ የሚገባበት ስለሆነ ልጄን ይዤ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን አንድ አውሮፕላን ብቻ ለማየት ሄድሁ። ኤክስ 29 ይባላል። ግሩማን የተባለው ኩባንያ ሁለት ብቻ ሠራ፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1984 በረረ፤ ክንፎቹ ከ30 ዲግሪ በላይ ወደ ፊት ያዘነብላሉ፣ ማለትም መዲንግስ ለልዩነት ብሎ የሳለውን ነገር መሐንዲሶች ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ለቁም ነገር ሠሩት። ሥሩ ቆሜ ወደ ላይ ሳየው ከጠበቅሁት በጣም ያነሰ ሆነብኝ። ልጄ "የተንደርበርድ ታናሽ ወንድም" አለው።

የኤክስ 29 ምሥጢር በክንፉ ቆዳ ውስጥ ነው። ቆዳው ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ሲሆን፣ ክሮቹ በክንፉ ርዝመት ቀጥ ብለው በመሄድ ፈንታ ወደ ፊት ሰያፍ ተደርገው ተነጥፈዋል። ክር የሚጠነክረው በተዘረጋበት አቅጣጫ ነው፤ ስለዚህ ክንፉ ሲጎብጥ ሰያፎቹ ክሮች ይይዙትና ጫፉ ቀና ሊል ሲል ወደ ታች ይጎትቱታል። ይህን ከመሄዴ በፊትም አንብቤው ነበር፤ ግን እንደ አንድ የጄት ቴክኖሎጂ ጉዳይ አነበብሁት እንጂ በእኔ ጋራዥ ውስጥ ቦታ ይኖረዋል ብዬ አላሰብሁም።

ያሰብሁት ከሰዓት በኋላ ነው። ዴይተን የራይት ወንድማማቾች ከተማ ስለሆነች የብስክሌት ሱቃቸውም መታየቱ አይቀርም። እዚያ ስንደርስ የቆየ ታሪክ ትዝ አለኝ፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ዊልበር ራይት የብስክሌት ካላማዳሪ የሚሸጥበትን ረጅም የካርቶን ሳጥን ይዞ ከደንበኛ ጋር ሲያወራ፣ ሳያስበው ሳጥኑን በሁለት እጁ ጠመዘዘው። የሳጥኑ አንድ ጫፍ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ዞሮ ቅርጹ ግን ሳይሰበር ሲቀር፣ የአውሮፕላን ክንፍንም እንዲሁ እየጠመዘዙ መቆጣጠር እንደሚቻል ገባው። በ1903 የበረረው ማሽናቸው ግራና ቀኝ የሚያዘነብለው ክንፉ በገመድ እየተጠመዘዘ ነበር።

መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ልጄ የገዛሁለትን ጭማቂ እየጠጣ፣ እኔ መሪውን ይዤ ሞተር ሳላስነሣ ረጅም ጊዜ ቆየሁ። እስከዚያች ሰዓት የማስበው ክንፉ እንዳይጠመዘዝ ስለማድረግ ብቻ ነበር፤ ወፍራም የእንጨት ምሰሶ፣ የብረት ቱቦ፣ ሌላ ክብደት። ጠዋት ያየሁት አውሮፕላን መጠምዘዝን አልከለከለም፤ አቅጣጫ ሰጠው። ከሰዓት በኋላ ያስታወስሁት ሰውዬ ደግሞ መጠምዘዝን ሥራ ሰጠው። እኔ ሁለቱንም እያወቅሁ ከፎም ጋር ጉልበት ልጋጠም ነበር። "አባ፣ አንሄድም?" እስኪለኝ ድረስ አልተንቀሳቀስሁም።

26 ሴንቲሜትር

በማግስቱ የቀረውን የቀኝ ክንፍ ገልብጬ ሥሩን ከሥራ ጠረጴዛዬ ጋር በማሰሪያ አጠበቅሁት። አየር ወደ ላይ የሚገፋውን ያህል ወደ ታች እንዲጎትተው ጫፉ ላይ ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ የሃይላንድ ጠርሙስ አንጠለጠልሁ። ጫፉ ላይ በፕላስተር ያሰርሁት ትንሽ ሌዘር በ3 ሜትር ርቀት ላይ ባለው የጋራዥ ግድግዳ ላይ ቀይ ነጥብ ይጥላል። ነጥቡ 26 ሴንቲሜትር ወረደ። ጫፉ ራሱ በመጉበጡ የወረደውን 6 ሴንቲሜትር ቀንሼ የቀረውን 20 ሴንቲሜትር ሳሰላው፣ ክንፉ ወደ 4 ዲግሪ ገደማ ዞሯል። በግማሽ ኪሎ ብቻ! ለካ ያ አውራ ጣት የነገረኝን ነው ግድግዳው በቁጥር የሚነግረኝ።

አዲስ ሁለት ክንፎች ቆረጥሁ። በላይኛውና በታችኛው ገጻቸው ላይ ክሮቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱ 2.5 ሴንቲሜትር ስፋት ያላቸው የካርቦን ጥብጣቦችን፣ ከክንፉ ርዝመት ወደ ፊት ጠርዙ ሰያፍ አድርጌ ዘረጋሁ። ያጣበቅሁት በኢፖክሲ ነው፤ ፖሊስተር የተባለው ማጣበቂያ ፎም ስለሚያቀልጥ አፍንጫዋ ላይ የደረሰውን ይደግመው ነበር። እስኪደርቅ የሚጫነው ጠፍጣፋና ከባድ ነገር ስፈልግ ወጥ ቤት ያለው ባለ 25 ፓውንድ የጤፍ ዱቄት ከረጢት ታየኝ። ባለቤቴ ሁለት ቀን ሊጥ ሳታቦካ ቀረች፤ እናቴም በስልክ ስትሰማ የተረቷን ጤፍ አገኘችው።

የተጨመረው ክብደት ለሁለቱም ክንፎች በድምሩ 60 ግራም ነው። ያንኑ ጠርሙስ ባንጠለጥል ነጥቡ 2 ሴንቲሜትር ወረደ፤ ጫፉ የጎበጠበትን ስቀንስ ለመዞሩ የቀረው ከአንድ ሴንቲሜትር በታች ነው። ሌላ አንድ ጠርሙስ ጨመርሁ፤ ከዚያም ሁለት። ልጄን ጠርቼ ነጥቡ ጋ ጣቱን እንዲያደርግ ነገርሁት፤ "አልሄደም፣ አልሄደም" እያለ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ላዩን ጨርቅ አልብሼ፣ ስቱኮ ቀብቼ፣ አረንጓዴ ቀባሁት፤ ጥቁሩ ጥብጣብ ጠፋ፣ ክንፉም ለዓይን ከተሰበረው አንድም ልዩነት አልነበረውም።

በመስከረም ወደ ሜዳው ስንመለስ ነፋሱ ቀላል ነበር። ተነሣች። ሁለተኛዋን ዙር ስትጀምር እጄ ፍጥነት መጨመሪያው ላይ ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ገፋሁት። ከበታቿ ሆኜ የክንፏን ጫፍ እንጂ ሌላ ነገር አላየሁም፤ ቀና ብሎ እዚያው ቆየ። አራት ደቂቃ ያህል በረረች። አሁንም ትዋዥቃለች፣ ስታርፍም አንድ እግሯ ተቀጠፈ፤ ሰፊው ሆዷ መሬት ሲቀርብ አየር እየያዘ እንድትንሳፈፍ ስለሚያደርጋት መቼ እንደምትነካ መገመት ከብዶኛል።

አዛውንቱ ከአጥሩ ዳር ተነሥተው መጡ። እንደ ግንቦቱ ሁሉ አንድ እጃቸውን የክንፉ ሥር ላይ አድርገው ጫፉን በአውራ ጣታቸው ወደ ላይ ገፉት፤ አልዞረም። ትንሽ ጨምረው ገፉት። ዝቅ ብለው ሥሩን አዩ፤ ክንፉን በመዳፋቸው ከላይም ከታችም ዳሰሱት፤ ከአረንጓዴ ቀለም በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም።

"የት ደበቅኸው?" አሉኝ።

በቀለሙ ላይ፣ ከሥሩ ተነሥቶ ወደ ፊት ጠርዙ የሚሄደውን ሰያፍ መንገድ በጣቴ አሰመርሁላቸው።